ባለሙያን ስለ መጠየቅ



«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» እንደ ተባለው፥ ከዐዋቂ ምክር መጠየቅ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ አጠያየቁም ዕውቀት ይፈልጋል።

ፈረንሳዮች በቅኝ አገዛዝ ዘመን ያቋቋሙት የጅቡቲ ወደብ፥ አገሩ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ሲወጣ ለልጆቹ ቀረ። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ መግባቱን ሲያቆም ሥራው በዛ። ስለዚህ የጅቡቲ መንግሥት በ1992 ዓ.ም. የዱባይን ባለሙያዎች ጠርቶ የወደቡን አስተዳደር በውል ሰጣቸው። በኋላም ከእነርሱ ጋራ በሌላ ውል የተሠራው የዶራሌ ኮንቴይነር ማራገፊያ በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህ መልካም ፍሬ ነበር። ነገር ግን ጅቡቲ የዶራሌው ውል ሉዓላዊነቴን ይነካል በማለት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሰረዘችው፤ ክርክሩም ለንደን ካሉ የግልግል ዳኞች ፊት ደረሰ።

ይህ ነገር ለሆሳዕና ሰው ሩቅ አይደለም፤ ለሐዲያና ለከምባታ ገበሬ የሚደርሰው የአፈር ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚራገፈው በጅቡቲ ነውና።

እናንተም ለከተማ ውሃ ወይም ለመናኸሪያ ሥራ አማካሪ ስትጠሩ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፍሩ፤ ይኸውም ምን እንደሚሠራ፥ እስከ መቼ እንደሚቆይ፥ ከመሥሪያ ቤቱም ማን ሙያውን እንደሚማርበት ነው። ሦስተኛው የተዘነጋ እንደ ሆነ፥ አማካሪው ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።