የነርስነት ትምህርት በጀርመን አገርና የዘገየው መርዶ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር)



 ጸሐፊያችን የጋበዙኝ «ውጭ አገር ስለ ተማርሽው ትምህርት ለወጣቶቹ ንገሪልን» ብለው ነው። እነግራለሁ። ነገር ግን ሌላም የያዝኩት ጉዳይ አለ፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ አነሣዋለሁ። ቅር የሚያሰኝ ቢኖርበት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነርስነት ለመማር ባሕር መሻገር አዲስ ነገር አይደለም። የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ቀድሞ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል እንደ ነበር አረጋውያኑ ታውቃላችሁ። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ላይ፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም. ጨረሱ። አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። የንጉሥ ልጅ በሽተኛ ማጠብ ከተማሩ፣ እኔ የሾፌር ልጅ ምን ያሳፍረኛል ብዬ ነው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀርመን አገር የገባሁት።

ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ በዋለው ሕጋቸው መሠረት 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት ደግሞ በሥራ ላይ ይማሩታል። ሥራው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሆስፒታል፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሕፃናት ክፍል፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል፣ በየሰው ቤት እየዞሩ ማስታመምም አለበት። ለትምህርቱ አይከፈልም። እንዲያውም ለተማሪው በየወሩ ደመወዝ ይሰጡታል፤ ግብሩና የሕክምና መድኑ ሳይቀነስ ከ1,000 ዩሮ በላይ ነው። ቋንቋው ግን ቢያንስ ቢ 1 የሚሉት ደረጃ፣ ብዙ ቦታም ቢ 2 መድረስ አለበት። እንግዲህ ወላጆች ስሙኝ፤ የትምህርቱን ቦታ እሸጥላችኋለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ፣ ነፃ የሆነውን ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። ያንን ገንዘብ ለቋንቋ አስተማሪ ክፈሉት።

የመጀመሪያው ዓመት መከራ ነበር። የጠዋት ተራ በ12 ሰዓት ይጀመራል፤ ክረምት ላይ በጨለማ መግባት ነው። የክፍሉን ጀርመንኛ አጥንቼ ሄጃለሁ፤ ጥርሳቸውን ብርጭቆ ውስጥ ያስቀመጡ የ90 ዓመት አዛውንት የመንደራቸውን አነጋገር ሲያወርዱብኝ ግን ምኑን ልያዘው! አንድ የቀለለኝ ነገር ቢኖር አንቱታቸው ነው። እነሱም እንደኛው አንተና አንቱ ይለያሉ፤ «ዚ» ይሉታል። አዛውንቱን «አባባ» ማለት ብቻ አይቻልም፤ በቤተሰብ ስማቸው ነው የሚጠሩት።

እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ወረቀቱ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው የአባቴ ስም ስለ ነበረ፣ ደረቴ ላይ የተለጠፈውም፣ በሽተኞቹ የሚጠሩኝም በአባቴ ስም ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሳቄ ይመጣ ነበር። ለአባባ በስልክ ብነግረው «ያላየሁት አገር ላይ ታወቅሁ በያ» ብሎ በጣም ሳቀ።

በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያውን ሬሳ አጠብኩ። አንዲት እናት ነበሩ፤ ያረፉት በሌሊት ነው። ሐኪሙ መጥቶ ካረጋገጠ በኋላ አስተማሪዬ መስኮቱን ከፈተችው፤ ነፍስ እንድትወጣ ነው ይላሉ፣ የቆየ ልማዳቸው ነው። ከዚያ ሁለታችን አጠብናቸው። እያጠበች እንደ ቀድሞው በስማቸው እየጠራች «አሁን ወደ ግራ ላዞርዎ ነው» ትላቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ለልጃቸው ግን ከማጠባችን በፊት ነበር የተደወለው። እዚያ ክፍል ውስጥ በሽተኛው ሲደክም ለቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ «በሌሊት ቢሆን እንደውልልዎ ወይስ እስኪነጋ እንቆይ?» መልሱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ያቺ ልጅ «በማናቸውም ሰዓት» ብላ ነበር። በሌሊት ልብሷን ገልብጣ ለብሳ ደረሰች፤ የእናቷን እግር ገና ሳይቀዘቅዝ ያዘች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

አባቴ ያረፈው ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እናንተው ናችሁ ድንኳን የተከላችሁ፣ አስከሬኑን የተሸከማችሁ፣ ከእናቴ ጋር ያደራችሁ። ውለታችሁን አልረሳም። እኔ የመጨረሻው ፈተና ላይ ነበርኩ፤ የጽሑፉ፣ የሥራው፣ የቃሉ፣ ተራ በተራ። በየእሑዱ እደውላለሁ። «አባባስ?» ስል አንድ ቀን ተኝቷል፣ አንድ ቀን ጠበል ሄዷል፣ አንድ ቀን ስልኩ ተበላሽቷል። ከዚህ ጉባኤ ውስጥም በዚያ ሰሞን ስደውልለት «ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» ያለኝ አባት አለ። ማን እንደ ሆነ አልናገርም፤ ለእኔ አዝኖ እንዳደረገው አውቃለሁ።

የቃሉ ፈተና ባለቀ በማግሥቱ፣ ሐምሌ 12 ቀን፣ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት በከተማው ያሉ ሁለት ያገራችን ሰዎች፣ ከኋላቸውም አንዲት እናት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። ለመናገርም አልደረሱም።

ሠላሳ ቀን ማለት ነው። በዚያ ሠላሳ ቀን ውስጥ በየኮሪደሩ በቀን ሃያ ጊዜ በአባቴ ስም ተጠርቻለሁ፤ «አቤት» ብያለሁ። የሰው አባት አጥቤአለሁ፣ ለሰው ልጅ መርዶ ሲነገር አጠገቡ ቆሜአለሁ። ለአርባው ደረስኩ። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የእናቴም እንባ ደርቋል፤ እኔ ገና አንደኛው ቀን ላይ ነበርኩ። ብቻዬን ሳለቅስ ጎረቤት «በቃሽ፣ ነፍሱን ታስጨንቂያለሽ» ይለኛል። ሌላው ሰው ለቅሶውን ከጨረሰ በኋላ መጀመር ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

እናቴ «ብነግርሽ ፈተናውን ትወድቂ ነበር» ትለኛለች። ምናልባት እውነቷን ነው፤ አልክድም። ፈተናውን አልፌአለሁ፣ ዛሬ የምበላው እንጀራም በእሱ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ሕግ የወደቀ ሰው ያንኑ ፈተና አንድ ጊዜ እንደገና ይፈተናል። የአባቴ ቀብር ግን ሁለተኛ የለውም። ምርጫው ከባድ ነበር እላለሁ፤ ሆኖም ምርጫው የእኔ ነበር።

መርዶን በዘዴ መንገር የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ እሱ ይቅር አልልም። በስልክ ብቻውን ላለ ልጅ ድንገት መንገር አደገኛ ነው፤ በነርስነቴም ይህን አልደግፍም። ያቺ ነጠላዋን የዘቀዘቀች እናት ባትኖር ኖሮ ምን እሆን እንደ ነበር አላውቅም። የምለው ሰው ተልኮ ይነገር፣ ግን በሠላሳ ቀን ሳይሆን በዚያው ቀን።

ስለዚህ እንዲህ ብናደርግ ብዬ ለሥራ አመራሩ አመልክቻለሁ። ልጁ ውጭ አገር ያለ አባል ሁሉ፣ ልጁ ባለበት ከተማ ሄዶ የሚነግር የአንድ ታማኝ ሰው ስምና ስልክ ያስመዝግብ። ልጁም ራሱ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ወዲያው ይነገርህ ወይስ ይቆይ? ይቆይ ካለ ይቆይ። ፈተና ላይ ብሆንም፣ ሥራ ላይ ብሆንም ካለ ግን ማንም ሌላ አይወስንለት፤ እናትም ብትሆን። ይህን ስል እናቴ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው፤ ተነጋግረንበታል፣ ተላቅሰንበታልም።

መዝገቡን ጸሐፊያችን ከፍተውታል። በእናቴ ስም ትይዩ የእኔን አድራሻና የዚያችን እናት ስልክ ዛሬ ጠዋት አስጽፌአለሁ፤ ከጎኑም «በማናቸውም ሰዓት» የሚል አለበት። ከጉባኤው በኋላ መመዝገብ የምትፈልጉ በሩ አጠገብ ታገኙናላችሁ።