ገሉ ከየት አፈር ነው?

ሰብሳቢያችን “የኬሚስትሪ መምህርት ነሽና አንድ ነገር ንገሪን” ስትለኝ ስለ ሳሙና አሠራር እንደማወራ የጠበቃችሁ ብዙ ናችሁ። ሳሙናው ለሌላ ቀን ይቆይ። ዛሬ የያዝኩት ይህችን የተሰበረች የጀበና አንገት ነው። የእናቴ እጅ ሥራ ናት።

እናቴ ያሳደገችን ቀጨኔ ሸክላ እየሠራች ነው። አፈር በአህያ ጭነው ሲያመጡላት በጣቷ ታሸዋለች፣ ከዚያ በምላሷ ትቀምሰዋለች። አንድ ቀን “ይሄ የበፊቱ ቦታ አፈር አይደለም፤ እሳት ላይ ይሰነጠቅብኛል” ብላ ጭነቱን መለሰች። ባለአህያው ተቆጣ፤ በኋላ ግን ከሌላ ቦታ መቆፈሩን አመነ። እኔ ያን ጊዜ አፍሬባት ነበር። በሙያዋ የሚሰድቡኝ ልጆች አፈር ስትቀምስ እንዳያዩአት እጸልይ ነበር።

ይህንኑ ሥራ በመሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸውን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአቶም ቦምቡ ሮበርት ኦፐንሃይመር የአርኪዮሎጂ ሰዎችንና ኬሚስቶችን ፕሪንስተን ላይ ሰብስቦ በዚህ ጉዳይ አነጋገረ። (ከቦምብ ወደ ገል! ምነው ከገሉ በጀመሩት።) ከገሉ ጥቂት ዱቄት ይፋቅና በኒውክሌር ማብለያ ውስጥ በኒውትሮን ይመታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ ጨረር ይሰጣል። ሲሊከንና አሉሚኒየም በየትኛውም የሸክላ አፈር ስላሉ ብዙ አይናገሩም። ቦታ የሚለዩት ከሚሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ የሚገኙት፣ እነ ስካንዲየም፣ ሃፍኒየም፣ ላንታነም ናቸው። እሳትም አያጠፋቸውም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በአክሱም፣ በአዱሊስና በየመን ዘፋር አንድ ዓይነት ረዣዥም ማሰሮዎች ተገኝተዋል። በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ አቃባ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሸክላ የተተኮሰባቸው እቶኖች ተቆፍረው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት የዘፋርን ገሎች ከአቃባ ሸክላ ጋር በኬሚካዊ ይዘታቸው አነጻጽረው ምንጫቸው አቃባ መሆኑን አሳዩ። ማሰሮዎቹ በቀይ ባሕር ተጭነው የመጡ ናቸው ማለት ነው።

ይህ እንዲሆን ግን እቶኑ መገኘት ነበረበት። መሣሪያው ቁጥር እንጂ የቦታ ስም አያወጣም። የሚወዳደርበት አፈር ከሌለ ገሉ ወላጁ እንዳልታወቀ ልጅ ይቀራል። ሌላም ችግር አለ። እናቴ ጥቁሩን አፈር ከቀዩ ጋር ታቦካው ነበር፤ የተወቀጠ ገልም ትጨምርበታለች። ስለዚህ መሣሪያው የሚለካው ቡኮዋን እንጂ አንዱን አፈር ብቻ አይደለም። ምን ከምን ጋር እንደተቦካ በደንብ ልትነግረን የምትችለው ሠሪዋ ናት።

የእናቴን አፈር ያወጡበት ከነበረው ቦታ በአንዱ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። እሷም ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ስንት እፍኝ ከስንት እፍኝ እንደምትቀላቅል አልጠየቅኋትም። ኬሚስትሪ ያስተማረችኝ ሸክላ ሸጣ ነው፣ እኔ ግን አልጠየቅኋትም።

እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ እናቶቻቸው ወይም አክስቶቻቸው ሸክላ የሚሠሩ አምስት ያህል አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ አንድ እፍኝ አፈር በፌስታል፣ አንድ ገል ደግሞ ለብቻው አምጡልኝ። ወረቀት ላይ የወጣበትን ቦታ፣ ሠሪዋን፣ ከምን ጋር እንደምታቦካው ጻፉ። መጻፍ ለማይመቻት እኔ እጽፍላታለሁ። ለጊዜው የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው፤ መደርደሪያውን ባዶ አድርጌዋለሁ።