ለመምህራኖቻችን ስለታሰበው ቦነስ
(ኦፕፊኮን በተካሄደው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



በአጀንዳችን የተያዘው ሐሳብ፣ ሀገር ቤት ያለው ትምህርት ቤታችን በ12ኛ ክፍል ፈተና ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ተማሪ ለመምህራኑ ቦነስ እንክፈል የሚል ነው። ሐሳቡ ከቁጭት የመጣ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ።

ገንዘብ ሰውን አያተጋም ልል አልቆምኩም። ብዙዎቻችን ዛሬ ከአየር ማረፊያው ፈረቃ ወጥተን በቀጥታ የመጣን ነን፤ በምስጋና ብቻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሣ የለም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ 13ኛው ደመወዝ ስለሚገባ በዲሴምበር ከሌላው ወር አብልጦ የሠራ ማን አለ? ገና ሳይገባ ለቲኬትና ለግብር ተቆጥሮ አልቋል። ቢቀርብን ግን ጉድ ይፈላ ነበር!

ክፍያ የሥራውን ትርጉም የሚለውጥበትም ጊዜ አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብሩኖ ፍራይና ፊሊክስ ኦበርሆልትሰር-ጊ፣ ቮልፈንሺሰን በምትባል የኒድቫልደን መንደር የኑክሌር ዝቃጭ ማስቀመጫ ይሠራ እንደሆነ ነዋሪውን ጠየቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተስማማ። በየዓመቱ ካሣ ይከፈላችኋል ሲባል ግን የሚስማማው ወደ ሩብ ወረደ። እንደ ዜጋ ሸክም ለመሸከም የፈቀደ ሰው፣ ዋጋ ሲቆረጥለት «ለካ ሊገዙኝ ነው» አለ ማለት ነው።

ወደ እኛው ጉዳይ የሚቀርበው የኬንያው ነው። በምዕራብ ኬንያ 50 ትምህርት ቤቶች በተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት መሠረት መምህራኑ እንዲሸለሙ ተደረገ። ሽልማቱ በታሰበት ፈተና ውጤቱ ከፍ አለ። መምህራኑ ግን ከክፍል መቅረታቸው አልቀነሰም፤ የቤት ሥራም አልጨመሩም፤ የጨመሩት የፈተና ልምምድ ነው። ሽልማቱ ሲያበቃ ጭማሪውም አልቆየም።

ታንዛኒያ ውስጥ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ የበጀት ድጎማ ብቻ መስጠት የልጆቹን ውጤት አልለወጠም፤ ድጎማውና የመምህራኑ ቦነስ ሲጣመሩ ግን በግልጽ ተሻሻለ። ስለዚህ ቦነስ ከንቱ ነው ብዬ አልከራከርም። መጽሐፍ በሌለበት ቦነስ ብቻውን መላክ ግን ለእኔ ቤንዚን ለሌለው መኪና ሾፌር መሸለም ነው።

የእኛ ትምህርት ቤት ችግር ሌላም አለው። የሚያልፉት ጥቂት ስለሆኑ ቦነሱ እንደ ሎተሪ ይሆናል። መምህሩ ፊት ወንበር ባሉት አምስት ስድስት ልጆች ላይ ቢያተኩር አይፈረድበትም፤ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ግን ምን ይዋጣት? በ9ኛ ክፍል መሠረቱን የጣለው መምህርስ ባዶ እጁን ይቅር?

እኔ የማቀርበው አማራጭ ይህ ነው። ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ለሚያስተምር መምህር ሁሉ፣ የማን ተማሪ አለፈ ሳይባል፣ በሰዓቱ ልክ አበል ይከፈል። የቀረው ገንዘብ ለመጽሐፍና ለቤተ ሙከራ ይዋል። አበሉም በየወሩ በቀኑ ይድረስ፤ የዘገየ አበል ካልተሰጠ ይብሳል።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን ኮሚቴው መምህራኑን ራሳቸውን በስልክ ያነጋግር። ደሞዛቸው ከቤት ኪራይ የማይተርፍ ከሆነ፣ እኛ ዙሪክ ተቀምጠን የምናወራው ስለ ቦነስ ሳይሆን ስለ ቤት ኪራይ ሊሆን ነው።