የልጆችን ጸጉር ያለ ለቅሶ ማበጠር
(ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየቤታችን ልጅ የሚያስለቅስ ጉዳይ ነው። እሱም የልጆችን ጸጉር ማበጠር ነው።

ብዙ ጊዜ የምናየው እንዲህ ነው። የልጅቱ ሹሩባ ሳይፈታ ብዙ ሳምንት ይሰነብታል። አቧራና ላብ ይጠጣል። ከዚያ በበዓል ዋዜማ፣ ሥራ በበዛበት ሰዓት ይፈታል። ማበጠሪያው ከሥር ተነሥቶ ወደ ጫፍ ይጎተታል። ልጅቱ ትጮኻለች። «ዝም በይ! አትንቀሳቀሺ!» ትባላለች። በሚቀጥለው ጊዜ ማበጠሪያ ስታይ ትሸሻለች። እናትም ሲሰለቻት «እንግዲያው ትላጭ» ትላለች።

ጥፋቱ የልጅቱ ነው? አይደለም። የጸጉሯም አይደለም። ጥፋቱ የአበጣጠሩ ነው።

እስቲ ጥጥ የምትፈትሉ እናቶች መልሱልኝ። ፈትል ሲተበተብ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ትጎትታላችሁ? አትጎትቱም። ብትጎትቱ ቋጠሮው ይጠብቃል፤ ወይም ክሩ ይበጠሳል። ጸጉርም እንደዚያው ነው። የልጆቻችን ጸጉር የተጠቀለለ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ከሥር ጀምረን ስንጎትት ውስብስቡን ሁሉ ወደ ጫፍ እንሰበስበዋለን።

ጫፉ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ደካማ ነው። ጸጉር በአንድ ወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጸጉሯ 20 ሴንቲ ሜትር ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ከሆነ፣ ጫፉ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፀሐይና አቧራ ያየ ነው። አርጅቷል፤ ደርቋል። ስለዚህ የሚጀመረው ከጫፍ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤

1. ሹሩባውን ሳትፈቱ አትጠቡ። የተወሳሰበ ጸጉር በውኃ ሲታሽ ይብስበታል። ሹሩባውን ከጫፉ ጀምራችሁ በጣት ፍቱ። የጠነከረውን ቋጠሮ ጥቂት ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት ቀብታችሁ አላቅቁ።

2. ለብ ባለ ውኃ እጠቡ። ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ይውጣ፤ ከቀረ ጸጉሩን ያደርቀዋል።

3. ጸጉሩ እርጥብ እንዳለ ጥቂት ቅቤ ቀቡ። ከዚያ አራት ቦታ ክፈሉት። አንዱን ክፍል ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ።

4. ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ያዙ። በአንድ እጃችሁ ጸጉሩን ከቋጠሮው በላይ ጨበጥ አድርጉ። ያን ጊዜ ጉተታው በእጃችሁ ላይ ይቀራል፤ የልጅቱን ራስ አያምም።

5. መጀመሪያ ጫፉን ሁለት ጣት ያህል አበጥሩ። ሲፈታ ጥቂት ከፍ በሉ። እንዲህ እያላችሁ እስከ ሥሩ ድረሱ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለም?

ማበጠሪያው ላይ ጸጉር ብታዩ አትደንግጡ። ጸጉር በየቀኑ ይረግፋል። የረገፈው በሹሩባው ውስጥ ታስሮ ይቆይና ሲፈታ አንድ ላይ ይወጣል።

ሹሩባውን መልሳችሁ ስትሠሩም ግንባሯ እስኪወጠር አትጎንጉኑ። አጥብቆ መጎንጎን ራስ ያሳምማል። ለዓመታት ሲደጋገም በግንባርና በጆሮ በኩል ያለው ጸጉር ይሳሳል። «ላላ ያለ ሹሩባ ቶሎ ይፈታል» የሚል ይኖራል። ይፈታ! ሹሩባ እንደገና ይሠራል። ሥሩ የሞተ ጸጉር ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ሌላም ጥቅም አለ። ጸጉሩን ከፍላችሁ ስታበጥሩ የራሱን ቆዳ ታያላችሁ። ቅማልና ቅጫም ካለ በቀጭን ማበጠሪያ አውጡ። ቅጫም በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ በየሦስት ቀኑ እየደጋገማችሁ እስከ ሁለት ሳምንት ቀጥሉ። የመብራት ጋዝ ወይም የተባይ መርዝ ግን በልጅ ራስ ላይ ከቶ አታድርጉ። ጋዝ በእሳት ይያያዛል፤ መርዝም ይገድላል። ጸጉሩ ክብ ሆኖ ከተመለጠና ከተቀረፈ ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት በቅቤ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ማበጠሪያውንም ለሌላ ልጅ አታውሱ።

አባቶችም ስሙኝ። ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። የተወሳሰበ ገመድ በትዕግሥት የሚፈታ እጅ የልጁን ጸጉር መፍታት አያቅተውም።

ልጅ ከጠገበ በኋላ፣ ፋታ ባለበት ሰዓት አበጥሩ። ቢደክመው ግማሹን ለነገ አቆዩ። «አመመኝ» ሲል እጃችሁን አቁሙ። ሲያመው እንደምትሰሙት ያወቀ ልጅ፣ ነገ የባሰ ሕመም ሲመጣበት ከእናንተ አይደብቅም።



የመወያያ ጥያቄዎች
1. ጸጉር ማበጠር ከጫፍ የሚጀመረው ለምንድን ነው?
2. ሹሩባ አጥብቆ መጎንጎን ምን ጉዳት ያመጣል?
3. ለቅማል ብሎ ጋዝ መቀባት ለምን አይገባም?