ፓስፖርት ላይ የተጻፈው ዕድሜ

እህቶቼ፣ ከመሃላችን ሁለት ዕድሜ ያላት ስንት አለች? አንዱን እናቷ ታውቀዋለች፣ ሌላውን ደላላው ፓስፖርት ላይ አስጽፎታል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ 18 ዓመት የሞላት ትሁን ይላል። እኛ ግን 16 ዓመት በአንድ ቀን 23 ሲሆን አይተናል።

መካ የምትሠራ ሙስሊም እህት አለችኝ፤ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው። እኛ ክርስቲያኖች መካ አንገባም፤ ከጅዳ ቅርብ ቢሆንም የምንገናኘው በስልክ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደወለች ማለት አለቀሰች ማለት ነበር። ማዳም ጮኸችብኝ፣ ልጁ ምግብ ደፋብኝ፣ ሁሉም ለቅሶ። በሦስተኛው ዓመት «ዛሬም ጮኸች፤ ረመዳን ነው፣ ደክሟታል» አለችኝና ሌላ ወሬ አወራን። የሁለት ወር ደመወዟ ሲዘገይ ግን ዝም አላለችም። ቀኑን ደብተር ላይ ጽፋ ይዛ ነበር፤ ባባን በእርጋታ ጠየቀችው፣ ከፈላት። ለእኔ አደገች ማለት ይሄ ነው፤ የሚታለፈውን ከማይታለፈው ለየች።

ከቤተሰብ ጋር ያለው ይብሳል። በ2006 ከዚህ አገር ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ ያገኙትን ሁሉ ልከው ባዶ እጃቸውን የገቡ ብዙ ነበሩ። ይቺ እህቴ ዘንድሮ ለወንድሟ «ለሞተር አልልክም» አለችው። እናቷ ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሱም። ከዚያ አነሱ።

አዲስ የመጣች ልጅ ስታገኙ እውነተኛ ዕድሜዋን ቀስ ብላችሁ በጆሮዋ ጠይቋት። ስታለቅስ «ትልቅ ሰው አይደለሽም እንዴ?» አትበሏት፤ ላይሆን ይችላል።