ስም የተቀረጸበት እንጨት፦ ዛፉ ከየት መጣ? ስሙንስ ማን ጻፈው?

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የልማት ምክክር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በደብራችን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስለሚሠሩት ስም የተቀረጸበት የእንጨት ስጦታ እንድንናገር ተጋብዘናል። ይዘን የቀረብነው የትልቅ ፕሮጀክት ዘገባ አይደለም። ያለችን አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት የኤሌክትሪክ መጋዞች፣ አንድ ትራፓኖ፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛና ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ነገር ግን በዚህች ክፍል አንድ ጊዜ ተሳስተናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከባድ ስሕተት ልንሠራ ተቃርበን ተመልሰናል። የመጀመሪያው በስም ላይ ነበር፤ ሁለተኛው በዛፍ ላይ። ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ አጥቢያዎች የእኛን መንገድ ከመነሻው እንዳትደግሙት ሁለቱንም እንናገራለን።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ጥቂት እንበል። መጋዙ ቀጭን ምላጩ በላይና በታች ተወጥሮ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስ ነው። የምላጩ ርዝመት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እጅግ ቀጭን በመሆኑ ጠመዝማዛ መስመር ለመከተል ይመቻል። በእጅ የሚመራው መጋዙ ሳይሆን እንጨቱ ነው፤ ሠሪው ጣውላውን በሁለት እጁ ገበታው ላይ ጫን አድርጎ ይዞ እያዞረ ይቆርጣል። የፊደሉን ውስጥ ለመክፈት መጀመሪያ በትራፓኖ ይበሳል፤ ምላጩ በአንድ ጫፉ ተፈትቶ በቀዳዳው ያልፋል፤ እንደገና ተወጥሮ ቆረጣው ይቀጥላል።

ፊደላችን በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ‹ወ›፣ ‹መ›፣ ‹ቀ› እና ‹ዐ› ሆዳቸው ዝግ ነው። ፊደሉን ከጣውላው ቆርጠን ስናወጣ የሆዱም እንጨት አብሮ ይወድቃልና፣ ሆዱን ከዙሪያው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ መተው ያስፈልጋል። ፊደሉ ራሱ እንዲቀር ዙሪያውን ስንቆርጥ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ፊደሎቻችን አንዱ ከሌላው ጋር ስለማይያያዙ፣ ሁሉም የሚቆሙበት አንድ ወለል ከሥራቸው ካልተተወ ስሙ ተበታትኖ ይቀራል። በስም መካከል ለሚገባው ሁለት ነጥብ ግን መጋዝ አያስፈልግም፤ በትራፓኖ ሁለት ጊዜ መብሳት ይበቃል። ወጣቶቻችን ይህን የተማሩት ብዙ ጣውላ አበላሽተው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተት እንለፍ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ለተነሣች ሕፃን ክርስትና እናቷ የስም ሰሌዳ አዘዙን። የሕፃኗ ስም ወለተ ሥላሴ ነበር። ትእዛዙ የመጣው በስልክ ነበርና ተቀባዩ ወጣት በጆሮው እንደ ሰማው በእሳቱ ‹ስ› ጻፈው። ሰሌዳው ተቆረጠ፤ ተለሰለሰ፤ ዘይት ተቀባ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎም ተሰጠ። በማግስቱ የሕፃኗ አያት፣ የአብነት መምህር የሆኑ አባት፣ እንደ ተጠቀለለ ይዘውት መጡ። አልተቆጡም። ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ «ልጆቼ፣ ሥላሴን በንጉሡ ነው የምንጽፍ» ብለው ሄዱ።

በወረቀት ቢሆን ተፍቆ በታረመ ነበር፤ ከእንጨት ላይ ተቆርጦ የወደቀ ግን አይመለስም። አዲስ ሰሌዳ ያለ ዋጋ ሠርተን ሰጠን፤ የተሳሳተውንም በክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስም ትእዛዝ በስልክ አንቀበልም። ስሙን የንስሐ አባት ወይም የአብነት መምህር በእጁ ጽፎ ይፈርምበታል፤ ወረቀቱም በመዝገብ ላይ ይለጠፋል። ሃሌታው ‹ሀ›፣ ሐመሩ ‹ሐ›ና ብዙኃኑ ‹ኀ›፣ አልፋው ‹አ›ና ዐይኑ ‹ዐ›፣ ጸሎቱ ‹ጸ›ና ፀሐዩ ‹ፀ› የየራሳቸው ቦታ እንዳላቸው ወጣቶቻችን በመጋዝ ሥራ ምክንያት ተምረዋል። ፊደል ሊማሩ ወደ መምህሩ ዘንድ የማይሄዱ የነበሩት ዛሬ ወረቀት ይዘው ደጃቸውን ይጠናሉ። ከዚህም ጋር የክርስትና ስሙ በአደባባይ እንዲታይበት የማይወድ ሰው ስላለ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሰሌዳውን ለሌላ ደንበኛ አናሳይም፤ ፎቶግራፍም አናነሣም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል።

ሥራውን ስንጀምር እንጨታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ደን በነፋስ ወድቆ የተገኘ የወይራ ቅርንጫፍና መብረቅ የመታው አንድ ዋንዛ ነበር። ዋንዛ ለመጋዝ ገር ነው። ወይራ ግን እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ምላጭ ያደንዛል፤ ሠሪው ከቸኮለበትም በግጭቱ ሙቀት ጠርዙ ይጠቁራል። በትዕግሥት ለያዘው ግን ጥቁር ሥር የሚመስል መስመሩ ከውስጥ ሲወጣ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። ሰዎች ይህን አይተው ወደዱት። የጥር ሠርግ ሲቃረብ የሙሽሮች ስም ትእዛዝ በዛ፤ የወደቀው እንጨት ግን አለቀ።

በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን፣ «በደኑ ጠርዝ የቆመውን አንዱን ዋንዛ እንቁረጥ፤ አንድ ዛፍ ነው፤ ገንዘቡም የሚውለው ለቤተ ክርስቲያን ነው» አልን። ሐሳቡ ሊጸድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ ቄሰ ገበዙ ተነሥተው፣ «እናንተ የምትቆጥሩት የሚቆረጠውን ነው፤ የበቀለውንስ ማን ቆጠረው?» ብለው ጠየቁ። የመለሰ አልነበረም። በማግስቱ ተያይዘን ወደ ደኑ ገባን። ያረጁት ዛፎች እንደ ቆሙ ናቸው። ከሥራቸው ግን የዋንዛ ችግኝ ፈልገን ለማግኘት ደከምን፤ ያገኘነውም ጫፉ በከብት የተነጨ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ የሚመስለው ደን ልጅ አልነበረውም።

ይህ የእኛ አጥቢያ ችግር ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ተረዳን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት ከ160 በላይ የእንጨት ዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው መሬት ሲራቆት እነዚህ ደኖች የአገር በቀል ዘር ጎተራ ሆነው ቀርተዋል ማለት ነው። ከብት እንዳይገባ በተደረገበት ስፍራ ችግኝ ይበልጥ እንደሚተርፍም በጥናታቸው አሳይተዋል። ሕጉም ቢሆን የእነዚህን ዛፎች ክብር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ለይቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በሌሎች ቢተካም፣ እንጨት ከመቁረጥና ከማጓጓዝ በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ የማንኛውም አጥቢያ ግዴታ መሆኑን አትዘንጉ።

ዋንዛውን አልቆረጥንም። በዚህም የከፈልነውን ዋጋ አንሰውርም። የሠርግ ትእዛዞችን መለስን፤ የተቀየሙን ደንበኞች ነበሩ፤ ወጣቶቹም በዚያ ወር የሚያገኙትን አጡ። አንዱ ወጣት፣ «ዛፍ ከሰው ይበልጣል ወይ?» ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው የጠገበ ሰው ጥያቄ አይደለምና በተግሣጽ ብቻ ልንመልሰው አልወደድንም። ሌላ እንጨት መፈለግ ነበረብን።

መልሱ በአጥራችን ሥር ቆሞ ኖሯል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የእንጨት ጥበብ ሠሪዎች «የባዕድ አገር እንጨት» ብለው በውድ የሚገዙት ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ደኖች የሚወጣውን ነው። ለእነርሱ ባዕድ የሆነው ለእኛ የአገር ልጅ ነው። ለእኛ ባዕድ የሆኑት ደግሞ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ፣ እንደ እርሱ ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳ ናቸው። እነዚህ ተተክለው የሚያድጉ፣ ተቆርጠውም የሚተኩ ናቸው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለረቂቅ ሥራ አልተመቸንም። ግራቪሊያ ግን ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ገጽ ያወጣል፤ ለቀጭን ምላጭም ይታዘዛል። ዛሬ ለስም ሰሌዳ፣ ለሙሽሮች ስጦታና ለጸሎት መጽሐፍ አትሮንስ የምንጠቀመው በአብዛኛው እርሱን ነው። ወይራና ዋንዛ የምንቆርጠው ራሱ ወድቆ ሲገኝ ብቻ ሲሆን፣ የወደቀበት ቀንና ስፍራ በመዝገብ ይጻፋል። አሮጌ የሕንፃ እንጨት ሲቀርብልን ደግሞ አስተዳዳሪውን እንጠይቃለን፤ ከመቅደስ የወጣ ከሆነ ለሽያጭ አናውለውም።

በውጭ አገር ላሉ አጥቢያዎች ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለን። ከአገር ቤት የዞጲ እንጨት እንድንልክላቸው የጠየቁን ነበሩ። ዞጲ ያለበት የዛፍ ወገን በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ጣውላውን ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ማሻገር ስጦታውን ወንጀል ያደርገዋል። በሚኖሩበት አገር ተተክሎ ባደገ እንጨት ላይ የግእዝ ፊደል ቢቆርጡ ስጦታው ምንም አይጎድልበትም።

ሥራውን ለሚጀምሩ ጥቂት ተግባራዊ ምክሮችን እንጨምር። እርጥብ ጣውላ አትቁረጡ፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ አንድ ዓመት ያህል ይደርቅ የሚለው የባለሙያዎች ልማድ ለእኛም ሠርቷል። የምላጩ ጥርሶች ወደ ታች መመልከታቸውን ሳታዩ መጋዙን አታስነሡ። በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ሂዱ። የእንጨት ብናኝን አትናቁ፤ በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር የሚያስከትል መሆኑን አስታውቋል። የግራቪሊያ ብናኝ ደግሞ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ስለዚህ መስኮት ይከፈት፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና የዐይን መከላከያ ይደረግ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን ሊያቀጣጥል ስለሚችል፣ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እሳት የሁላችንም ሥጋት ነውና ይህን ደጋግማችሁ ንገሩ።

ዋጋ ስትተምኑ የእንጨቱን፣ የምላጩን፣ የመብራቱን፣ የተበላሸውንና የወጣቱን የድካም ዋጋ ለይታችሁ ጻፉ። የወጣቱ ድካም በበጎ ፈቃድ ስም እንዳይደበቅ። እኛ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ለይተን በደኑ ዙሪያ ከብት የሚከለክል የድንጋይ ካብ እያስካብን ነው። «ዛፍ ከሰው ይበልጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀን ወጣት ዛሬ ከካቡ ሠሪዎች አንዱ ነው። ባለፈው ክረምት በካቡ ውስጥ የበቀሉ የዋንዛ ችግኞችን ቆጥሮ በመዝገቡ ላይ የጻፈልን እርሱ ነው።

ክቡራን አባቶችና ወገኖች፤

ባስልኤል ለደብተራ ኦሪት እንጨት በጠረበ ጊዜ ጥበቡ ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጠው ተምረናል። የተሰጠ ጥበብ ደግሞ ይጠየቅበታል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ይህን ሥራ ሲፈቅዱ ከመጋዙ በፊት አንድ መዝገብ እንዲገዙ እንለምናለን። በመዝገቡ በአንደኛው ዐምድ ዛፉ ከየት እንደ መጣ፣ በሁለተኛው ስሙን ማን እንደ ጻፈው ይስፈር። ሁለቱ ዐምዶች ሳይሞሉ መጋዙ አይነሣ። ካህናት አባቶቻችንም ስሙን ጽፎ መፈረምን እንደ ትርፍ ሥራ እንዳያዩት አደራ እንላለን፤ ሕፃኗ አድጋ ስሟን የምታነበው ከዚያ ሰሌዳ ላይ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።