«አናውቅበትም» እየተባለ የሚቀር ሥራ
(በሀና ማርያም፣ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተነገረ)



ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ ሳይቋጭ ስለቀረው ጉዳይ ነው። ይኸውም ዕድራችን ከቀብር ሌላ፣ ጧሪ የሌላቸውንና አልጋ ላይ የዋሉ ጎረቤቶቻችንን በሕይወት ሳሉ ይርዳ ወይስ አይርዳ የሚለው ነው። ያን ቀን ከብዙዎቻችን አፍ የወጣው መልስ «ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን አናውቅበትም» የሚል ነበር። እኛም እንዲያ ካሉት ውስጥ ነበርን።

ታዲያ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣን አንድ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን ሲያርፉ ጥሩምባው በጊዜው ተነፋ፤ ድንኳኑ ሳይመሽ ተተከለ፤ ንፍሮው፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ አንዱም አልጎደለም። ሥራችንን አሳምረን ሠራን ብለን ተመሰጋገንን። በሠልስቱ ግን አንዲት ጎረቤታቸው «ሰውዬው እኮ ሦስት ወር ተኝተው ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው ነበር፤ ያኔ የት ነበራችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ለቀብሩ ሠፈሩ ሁሉ ወጣ፤ ለበሽተኛው አንድ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ይህን «አናውቅበትም» የሚለውን ቃል ዛሬ ደኅና አድርገን እንመርምረው።

ሁላችሁም በስም የምታውቋቸውን የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን እንውሰድ። አባታቸውን በጣሊያን ወረራ ያጡ፣ በልጅነታቸው ተድረው ጠፍተው አዲስ አበባ የመጡ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ተምረው በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ የነበሩ ሴት ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎ ላይ ረሃብ ገብቶ አገኙት። ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸውም ዘመድም አልተቀበለላቸውም፤ አበደች ያለም ነበር። እሳቸው ግን ልጆቹን ከመተው ቤታቸውን ትተው ወጡ። እንጀራና ዳቦ እየጋገሩ፣ እየሸጡ አሳደጓቸው። ያ ጅምር በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ያደጉበትና የተማሩበት ማኅበር ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም ሲያርፉ ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» እያሉ አለቀሱላቸው።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ እዳዬ የሕፃናት ማሳደጊያ ማስተዳደር የት ተማሩ? የትም አልተማሩም። ነገር ግን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። መጋገር ያውቃሉ፤ መሸጥ ያውቃሉ። በሚያውቁት ጀመሩና የማያውቁትን በሥራው ላይ ተማሩት። ፍቅሩ ያደረገላቸው ነገር ቢኖር፣ እስኪማሩት ድረስ እንዳይተዉት ማድረጉ ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ በመጠኑ ቀምሰናል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በስድስተኛ ክፍል ትምህርት ፊደል አስቆጥሩ ተባልን። እንዴት እንደሚያስተምሩ አናውቅም ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ትልልቅ ሰዎችን እንደ ሕፃን ስንቆጣ፣ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ እኮ አምስት ወልጄ ያሳደግሁ ነኝ» ብለው ሥርዓት አስያዙን። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። በጣታቸው ይፈርሙ የነበሩ ሰዎች ስማቸውን ጽፈው ስናይ የተሰማንን ደስታ ዛሬም አንረሳውም።

ሆኖም እውነቱን እንናገር። ከነዚያው ውስጥ ኋላ የሚያነቡት አጥተው፣ የሚከታተላቸውም ጠፍቶ ፊደሉን የረሱ ነበሩ። ሞቅ ያለ ልብ ሥራን ያስጀምራል፤ ክትትል ከሌለው ግን እንደ ጭድ እሳት ቦግ ብሎ ይጠፋል። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ስለሆንን ይህን እናውቃለን፤ ያልተመዘገበ ነገር አልተሠራም ነው የሚባለው። በገንዘብ ነገር ደግሞ ቅን ልብ ብቻውን ደረሰኝ አይሆንም።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። አንደኛ፣ ከቀብሩ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይነካ፤ ለዚህ የሚሆን መዋጮ በፈቃድ ይሁን፤ መዝገቡም ለብቻው ይያዝ። ሁለተኛ፣ ለቀብር ተራ እንደምንገባ ሁሉ ለጥየቃም ሁለት ሁለት ሰው በሳምንት ተራ ይግባ። ሦስተኛ፣ ሕክምና የኛ ሥራ ስላልሆነ በሽተኛውን ጤና ጣቢያ ማድረስ እንጂ መድኃኒት ማዘዝ የለም። አራተኛ፣ ለሦስት ወር ሞክረን የተሳሳትነውን ሳንደብቅ ለጉባዔው እንናገር።

ልብ በሉ፤ መዋጮ መሰብሰብ፣ ስም መጥራት፣ ተራ መያዝ፣ የቀረን መቅጣት፣ ይህ ሁሉ የምናውቀው ሥራ ነው። የቀረው ጥሩምባው ሳይነፋ መሄድ ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ዛሬ እጃችንን ስናወጣ እኛም ነገ ተራችን ደርሶ አልጋ ላይ እንደምንውል አንርሳ። ያን ጊዜ ድንኳኑ ይደርሳል፤ እሱ አያሳስበንም። የሚያሳስበን ውሃውን የሚያቀብለን ሰው ነው።